ወለተ ሰንበት ማን ናት?

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ባልሽ ሌላ ሚስት አለው ወይ ተባልሁ። ሌላዋ ሚስት እኔው ነኝ።

ኢሜይሉ የመጣው ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ሰው ከቦን ሳለ ነው። ከኤምባሲው መሆኑን አይቻለሁ፤ ኔትወርኩ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልከፍት አለኝ። ሲከፈት እንዲህ ይላል፦ ባሌ ጌትነት ወዳለበት ወደ ስዊድን ለመሄድ ካመለከትሁበት ፎርም ጋር በተያያዘው የጋብቻ ወረቀት ላይ ሙሽራው ገብረ ሕይወት፣ ሙሽራዋ ወለተ ሰንበት ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ከአመልካቿ ከየዝና ጋርስ ምን ያገናኛቸዋል? መልሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

የተጋባነው በጌትነት አገር ቁይ፣ በቁርባን ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሚያቆርበው በክርስትና ስም ነው፤ ወረቀቱም በዚያው ይጻፋል። ይህን እዚህ ደብረ ማርቆስ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሁሉ ታውቀዋለች። ስዊድን የተቀመጠ ሰው ግን በምን ይወቀው? ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጋብቻችንን መዝግቡልኝ ብዬ ነበር። "ሁለታችሁም ቀርባችሁ ፈርሙ" አሉኝ። እሱ መቅረብ ቢችልማ ወረቀቱን ምን ልሠራበት!

ቀኑን ሙሉ ሥራዬ የሰው ስም መለየት ነው። አንዷን አልማዝ ከሌላዋ አልማዝ፣ አንዱን አበጀ ከሌላው አበጀ። የራሴን ሁለት ስም ማስታረቅ አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነገሩን ቀላል አደረገው። "ሁለቱ ስም የአንድ ሰው ነው ብሎ ፍርድ ቤቱ ይወስንልሻል፤ አንቺ ምስክር ብቻ አምጪ" አለኝ። ቀጠሮው ለማክሰኞ ተያዘ።

የእኔ አያሳስብም። የክርስትና እናቴ እዚሁ ከተማ ናቸው፤ ገና ሳልጨርስ "እመጣለሁ" አሉኝ። የጌትነት ነው ጉዱ። የክርስትና አባቱ ሞተዋል። ያቆረቡን ቄስም ሞተዋል። አዲሱን አስተዳዳሪ ቁይ ደውዬ ለመንኋቸው። "መዝገቡ ላይ ገብረ ሕይወት አለ ልጄ። ገብረ ሕይወት ያንቺ ጌትነት ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቄ ልማልልሽ?" አሉ። እውነታቸውን ነው።

የቀሩት እናቱ፣ እማ የውብዳር ብቻ ናቸው።

ማታ ጌትነት ደወለ። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ያለው "እማን እንዳታስጨንቂያት" ነው። እኔንስ ማን አስጨነቀኝ? እንዲሁ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ተቋረጠ ይሁን ዘጋሁት፣ እሱን አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ወደ ቁይ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። መናኸሪያ ሄጄ ተመለስሁ። ነገም አይታወቅም አሉ።

ጥር ነውና ከተማው በሙሽራ መኪና ጡሩምባ ደንቁሯል። አብራኝ የምትሠራው ስንታየሁ ነገሩን ከሰማች ወዲህ አፏን መያዝ አልቻለችም። ካርድ ባቀበለችኝ ቁጥር "ያቺ ወለተ ሰንበት አገኘሻት? ፀጉሯን ይዘሽ ባልሽን አስመልሺ እንጂ!" ትላለች። ዛሬ ያሳቀኝ እሷ ብቻ ናት።

እስካሁን የላክሁላቸው፦ የሠርግ ፎቶ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የተጻጻፍነው መልእክት (አፍሬ ግማሹን ያጠፋሁት)፣ የጣት አሻራ። ለኢንተርቪውም ሁለቴ አዲስ አበባ ሄጃለሁ። ፎቶው ላይ ፊታችን አለ። ፊት ግን ስም አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ቁይ ነኝ። መንገዱ ትናንት ማታ ተከፍቶ በሌሊት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ። ወገቤ ሞቷል።

እማ ስመው ስመው ሲጠግቡኝ ነገሩን አነሣሁ። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅብዎ አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

"የልጄን የክርስትና ስም ለአዳራሽ ሙሉ ሰው? የሚደገምበት እኮ በእሱ ስም ነው። እኔ ለጎረቤት እንኳ ነግሬ አላውቅም።"

ሐሰት አይደለም። እኔ ራሴ ስሙን የሰማሁት በቁርባናችን ዕለት ነው። ቢሆንም ተከራከርሁ። "እማ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ ማን ይደግምበታል?"

"ድግምት ቪዛ አይጠይቅም" አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሊስቁ ነበር፤ ዋጡት። ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠን ሽንብራ ስንለቅም ግን እውነተኛውን አወጡት። ቀና ሳይሉ ነው የተናገሩት።

"ሚስቱ እዚህ ካለች ወንድ ልጅ የት ይቀራል? አንድ ቀን ይመለሳል። አንቺም ከሄድሽ ግን ያገሩን መንገድ ይረሳዋል። እኔን ማን ይቀብረኛል?"

"ታዲያ እኔ ለእሱ ማሰሪያ የተተከልሁ ችካል ነኝ?" አልሁ። አፌ አላረፈም። "ስድስት ዓመት ጠበቅሁት እማ። ዕድሜዬ እየሄደ ነው። እኔስ ልጅ አልወልድም?"

ሽንብራው እስኪያልቅ ለቀሙ። የተናገርሁት ልክ ነው፤ ግን ባልተናገርሁት እያልሁ ነው። እማ ክፉ አማት ሆነው አያውቁም። እናቴ ስትሞት ዓርባዋ እስኪወጣ አጠገቤ የተኙት እሳቸው ናቸው።

እሑድ፣ ጥር 18

ስነቃ ወደ ቅዳሴ ሄደዋል። ሌላ ጊዜ ይቀሰቅሱኝ ነበር። ሲመለሱ ቁርስ አቀረቡልኝ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ላሟ አወራን። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው አልኋቸው። "እግዜር ያውቃል" አሉ። ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝና እስከ መኪናው ሸኙኝ። እምቢም እሺም አላሉም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ሥራ በዛ። ለሁለት ሰው የሌላ ሰው ካርድ ሰጠሁ። አንደኛው ሽማግሌ ሐኪሙ ዘንድ ገብተው "እርጉዝ ነዎት" ሊባሉ ምንም አልቀራቸው።

ጌትነት ደወለ። ከሥራ መውጣቱ ነው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የሚሠራው፤ የሰው እናት ሲያጥብ ይውላል። "ካልሆነስ?" አልሁት። "ደክሞኛል የዝና" አለ። እኔም ደክሞኛል። ድካም ላይ ብቻ ነው የተስማማነው።

አብረን የኖርነው አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሰውየውን ግን እንጃ። ገብረ ሕይወት ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ጠያቂ ልሆን ምንም አልቀረኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

መጡ!

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ናቸው። ለእኔ አልደወሉም። "ብደውል ሐሳቤን እለውጥ ይሆናል ብዬ" አሉኝ።

የክርስትና እናቴ የእኔን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ተራው የእማ ሆነ። ማሉ። ዳኛዋ ከእኔ ታንሳለች። "እማማ፣ የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነው?" አለቻቸው።

"እሜቴ፣ ጠጋ በይልኝና በጆሮሽ ልንገርሽ።"

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። "ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብለው ነው የሚነግሩኝ እማማ፤ ሕጉ ነው" አለች በትሕትና።

እማ ዞረው አዳራሹን አዩት። የመሬት ተካሳሹን፣ የፍቺ ባለጉዳዩን፣ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። አማተቡ።

"ገብረ ሕይወት ነው። ጌትነት ልጄ ገብረ ሕይወት ነው። እች ደግሞ ሚስቱ ናት፣ እኔ ነኝ የዳርኋቸው። ስሙን የሰማችሁ ሁሉ በደግ አንሡልኝ።"

"አሜን" አለ አዳራሹ። ሲካሰስ ያረፈደው ሁሉ አሜን አለ። የዳኛዋም ከንፈር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት እጄን ያዙኝ።

"ወለተ ሰንበት ነሽ ለካ። ይህን ያህል ዘመን ምራቴ ሆነሽ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም።"

ሰኞ፣ ጥር 26

ውሳኔው ተተርጉሞ ሐሙስ ዕለት ተላከ። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ ደርሶናል፣ ጠብቂ። መጠበቅ እንኳ እችልበታለሁ።

ዛሬ የቁይ አስተዳዳሪ ደወሉ። የውሳኔውን ግልባጭ ላኪልኝ፣ መዝገቡ ላይ ላያይዘው ነው አሉ። ሊዘጉ ሲሉ "እማ የውብዳር ትናንት ያንቺን ስም ሰጡን" አሉኝ።

ደነገጥሁ። ስም ለካህን የሚሰጠው ሰው ሲታመም ወይ ሲሞት ነው የሚመስለኝ። "ምነው አባ፣ ታማለች ተባልሁ?" አልሁ።

"ኧረ በጭራሽ! በቅዳሴው ስለ መንገደኞች የሚጸለይ አለ አይደል? ገብረ ሕይወት ከሟቹ ቄስ ጊዜ ጀምሮ እዚያ ላይ ሲነሣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጌትነት መሆኑን ግን እኔ ገና አሁን አወቅሁ። ከእንግዲህ ብቻውን አታንሡት፣ ከወለተ ሰንበት ጋር አንሡልኝ አሉን።"

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ማታ ለእማ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ቪዛው አልመጣም፤ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እማ ግን ሸኝተውኛል።