ስሙን ያጣው ሰውዬ

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህ ትንሹ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ለጎረቤት የማላወራውን ላንተ ልንገርህ፤ እሑድ ሲኒማ ቤት ራሴን አዋረድኩ። ሰው ትንፋሹን ውጦ በሚያይበት ሰዓት ብድግ ብዬ «ኧረ ስሙን መልስለት!» ብዬ ጮህኩ። ከፊቴ የነበረች ሴትዮ ዞር ብላ «እትዬ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም!» ስትለኝ አዳራሹ ሁሉ አውካካ።

የወሰደኝ ታላቅህ ነው። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ «ዛሬም መጡ?» አለችው፤ ለካ ፊልሙን ቀድሞ አይቶታል። ስለ አንድ መርማሪ ነው። በሌላ ሰው ስም የሚኖር ወንጀለኛ ያሳድዳል። መስታወት ባየ ቁጥር ያልበዋል፤ ሐኪሙ «ስምህ ማነው?» ሲለው ይንተባተባል። የሚያሳድደው ለካ ራሱን ኖሯል! እኔማ ገና ከመሃሉ ነቅቼበታለሁ።

ስንወጣ «ወደድከው?» አልኩት።

«መርማሪው ሲጨነቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አየን» አለኝ። «ስሙን ያጣው ሰውዬ ግን አንዴ እንኳ ብቅ አላለም። እሱስ ምን በልቶ ያድራል ብሎ ማን ጠየቀ?»

ለኔ እንደተናገረ ገባኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንተ ፈተናውን ስትወድቅ፣ የታላቅህን የትምህርት ማስረጃ ከሳጥን አውጥቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። «እሱ በእጁ ሙያ አለው፣ የትም አይወድቅም» አልኩ። እሱም «ጋራዥ ውስጥ ወረቀት የሚጠይቀኝ ማን አለ?» ብሎ አሳለፈው። አንተም በስሙ ተቀጥረህ ሄድክ።

አሁን ጋራዡ ተዘጋ። የሆስፒታል የጥገና ሥራ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የቅጥር ክፍሏ ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሌላ መሥሪያ ቤት ነዎት፤ አምና እድገትም አግኝተዋል!» አለችው።

«እንኳን ደስ አለኝ» ብሏት ወጣ።

እስከ ሰኞ ማንነቱን ካላስረዳ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። አንተን አልወቀሰም፤ እኔንም እንዲህ አድርጊልኝ አላለኝም። ፊልም ብቻ ጋበዘኝ።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አብሬው ገብቼ ማስረጃውን ለማን እንደሰጠሁ እናገራለሁ። አንተ ላይ የሚያመጣውን አጥቼው አይደለም፤ ሦስት ሌሊት ሳገላብጠው ነው ያደርኩት። ሹፌሩ ጎረቤታችን ነገ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ደብዳቤው ቅዳሜ ይደርስሃል። እሑድ አለቃህ ቤት ሄደህ ራስህ ንገረው፤ ከሰው አፍ ከሚሰማ ካንተ ይስማ። ለሚስትህም ንገራት። እሷ ብልህ ናት፣ ምናልባት ጠርጥራ ይሆናል።

አምላክ በሰው ፊት አያሳፍርህ። ልጆችህን ሳምልኝ። ሰኞ ከቢሮው እንደወጣሁ ያሉኝንም ያልኩትንም ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ።

የሁለታችሁም እናት