በጪጩ መንገድ የተቀደደው ስልቻ

እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለውድ እህቴ ለእትዬ ስመኝ በዛብህ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ? ባለቤትሽ አቶ ይርጉ ደኅና ናቸው? አልጋነሽ አደገች? ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ጎረቤቱስ? ቡልጋ መንገዱ ሁሉ ተኩስ ነው ሲሉ ስለምሰማ፣ ከዚያ በኩል የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሳልጠይቅ አላልፍም። እኔ የፈጣሪ ቸርነት ሳይለየኝ አለሁ። ልጅሽ ከፈለኝም ደኅና ነው። በቁመት በልጦኛል፤ በመብልማ ከበለጠኝ ቆይቷል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሸምሰዲን የሚባል ነጋዴ ነው። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ በሱቁ ጸሐፊ ሆኜ የምኖረው እሱ ዘንድ ነው። በፖስታ ቤት ያልላክሁት ጣሊያኖቹ እየከፈቱ ስለሚያነቡ ነው። አቶ ይርጉ ሲያነቡልሽ በር ዝጉ።

«ልጄን ከጦር አርቅልኝ» ብለሽ ነበር የላክሽልኝ። ዛሬ የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው። አትደንግጪ፣ አልሄደም። ሊሄድ ግን ተነሥቶ ነበር፤ አሁንም መቅረቱ ባንቺ እጅ ነው።

እዚህ ዲላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳዊት አስተምራለሁ ብዬ ዘጠኝ ጎረምሶችና ኮረዶች ይዣለሁ። ዳዊቱን ደግመን ስንጨርስ ቀስ ብለን የዓለምን ነገር እንማራለን። ጣሊያን ባለፈው ሰኔ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀ ወዲህ ልጆቹ ያላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ነጮቹ እርስ በርሳቸው ለምን ይዋጋሉ? ከፈለኝ መልሱን ለራሱ ሰጥቶ ጨርሷል። እንግሊዝ ነፃ ሊያወጣን በኬንያ በኩል እየመጣ ነው፣ ወደ ቦረና ወርጄ እቀላቀለዋለሁ ይላል። ጓደኛው ዋቆ ደግሞ የጪጩ ልጅ ነው፤ እኛ «ደራሳ» ስንለው «ጌዴኦ ነኝ» እያለ የሚያርመን ኩሩ ልጅ። እሱም ጣሊያን ገባርነትን አንሥቶልናል፣ ጠመንጃም ይሰጠኛል፣ ከጥምቀት በኋላ ባንዳ እመዘገባለሁ ይላል። አንድ ዳዊት ለሁለት የሚያነቡ ልጆች ናቸው። ሁለቱም እንዳሰቡት ቢሄዱ አንዱ አንዱን መግደሉ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነበር።

መጀመሪያ በእንጨት መሬት ላይ ባሕሩንና አገሩን ሣልሁላቸው። ግብፅን፣ ሱዳንን፣ ኬንያን እንግሊዝ ይዟል፤ ጅቡቲን ፈረንሳይ፤ ኤርትራን፣ ሶማሌን፣ አሁን ደግሞ እኛን ጣሊያን። ቀድመው የደረሱት የሰባውን አንሥተው ተቀመጡ፤ ኋላ የመጣው ገበታቸውን እያየ ሲቀና ኖረ። አንዱ መርከብ ሲሠራ ሌላው ሁለት ይሠራል፣ አንዱ ወደብ ሲይዝ ሌላው እንቅልፍ ያጣል፣ እንዲህ ሲፎካከሩ ኖረው ይኸው ተያያዙ አልኋቸው። ፀዳለ የምትባል የነጋዴ ልጅ «እኛስ የቱ ጋ ነን?» አለችኝ። «ገበታው ላይ» አልኋት፤ ሳቁ። ከፈለኝ ግን «እንግሊዝ ግን ንጉሣችንን ይዞ ነው የሚመጣው» አለ። ዋቆም «ጣሊያን ግን ለአባቴ ዕረፍት ሰጥቶታል» አለ። ትምህርቱ በሁለት «ግን» ፈረሰ።

እኔም እልኸኛ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። በገበያ ቀን ሁሉንም ይዤ ጪጩ ወረድሁ። የዲላ ነጋዴ ባለቡናው ገበያ እስኪደርስ እንደማይጠብቅ አትረሺም፤ ከኮንጋና ከወርቃ የሚመጣውን ጀንፈል ቡና መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠልፋል። ጭነቱን ቀድሞ የነካ እሱ ይገዛል፣ ደንባቸው ነው። ብዙም አልቆየን፤ አንድ ሽማግሌ ፈረሱን እየጎተተ ብቅ ሲል ሁለት ነጋዴዎች ሮጡ። አንደኛው ልጓሙን፣ ሁለተኛው ስልቻውን ያዘ። ይጎትታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ «እኔ ነኝ ቀድሜ የነካሁት» ይባባላሉ፤ በመጨረሻ ስልቻው ተቀደደና ጀንፈሉ አቧራው ላይ ፈሰሰ። እየረገጡት ተናነቁ። ባለቤቱ ተንበርክኮ ይለቅማል። መምህር መሆን ክፉ ነው እትዬ፣ ሰው ሲፈስበት እሱ ምሳሌ አገኘሁ ይላል። ደስ ብሎኝ «አያችሁ? የነጮቹ ጦርነት ይኸው ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ለየትኛው ልትሞቱ ነው?» አልኋቸው።

ዋቆ ሽማግሌውን ሊያግዘው ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሳይል «የኔታ፣ አባቴንም እናንተ እንዲህ አድርጋችሁታል» አለኝ።

እዚሁ ዲላ ስንኖር አባታችንና ግራዝማች ወንድይራድ በአንድ ገባር ሁለት ዓመት የተካሰሱትን አንቺ ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። ገባሩ በራሶ ነበር፣ የዋቆ አባት። «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባባሉ እሱን የጠየቀው የለም። ክርክሩ እስኪቆረጥ ድረስ ለሁለቱም ቤት ማር አመጣ፣ ለሁለቱም አጥር አጠረ፣ ለሁለቱም እንጨት ፈለጠ። የራሱ ማሳ በዚያው ዳዋ ለበሰ፤ የመጀመሪያ ልጁም በረሃብ ሞተበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ዋቆ ሁሉንም ያውቃል። እኔ የማውቀው አባታችን የረታ ዕለት የታረደውን በሬ ብቻ ነው።

ከዚያ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ንጉሡ ሲመለስ አባቴን መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ? ጠመንጃውን የምፈልገው እንዳትወስዱት ነው» አለኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔ ነኝ፤ የሮምንና የለንደንን ስግብግብነት ስቆጥር የቤቴን ሳላውቅ። አፈርሁ እትዬ፣ በልጆቹ ፊት አፈርሁ።

በአራተኛው ቀን ከፈለኝ «ጋሼ፣ እኔ ነፃ ላወጣ የምሄደው ማንን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲያው ተነሥ አልሁትና ሁለታችን የጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር ወደሚያዩበት ወደ ሶንጎው ሄድን። በራሶም፣ ዋቆም ነበሩ። ቆሜ አባታችን መበደሉን ተናገርሁ። መንግሥት ቢመለስ በራሶ ያለበትን፣ በአባታችን ስም የተጻፈውን የጪጩን መሬት አልጠይቅም፣ በራሶንም ልጆቹንም ገባሬ ብዬ አልጠራም አልሁ። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ አንዱ «አባትህ ስንት ልጅ ወለደ?» አለኝ። ሁለት አልሁት። «እንግዲያው ያመጣኸው ግማሽ ቃል ነው» አለኝ።

ልጆቹ በዚያው ሸንጎ ፊት ቃል ገቡ። ያንቺ ቃል እስኪመጣ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ፣ ዋቆ ባንዳ ላይመዘገብ፣ ከፈለኝም ወደ ቦረና ላይወርድ። ሸምሰዲን ከገና በፊት በካሚዮን ይመለሳል።

መሬቱን ለከፈለኝ መቋቋሚያ ብለሽ ስታስቢው እንደኖርሽ አውቃለሁ። እሱ ራሱ አልፈልገውም ብሏል፤ ግን የልጅ አፍ ነው ብትዪ አልቀየምሽም። እኔ በእንግሊዝና በጣሊያን መካከል ምንም ማድረግ አልችልም፤ አንቺም አትችዪም። ይህቺን ግን እንችላለን። አቶ ይርጉ «እኔም መሬቱን አልጠይቅም» የሚል አንድ መስመር ይጻፉና አንቺ ጣትሽን አኑሪበት። እምቢ ካልሽም ያንኑ ላኪልኝ፤ ለሽማግሌዎቹ አልዋሽም።

አቶ ይርጉን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አልጋነሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ወንድሟ ከፈለኝ አንድ ቀን ፊደል አስቆጥራታለሁ ይላል። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እመት አሰገደችንና ቤተሰባቸውን ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ። ከፈለኝ አገላብጦ ይስምሻል።

በራሶም ሰላምታ ልኮልሻል። ስንሰናበት እጄን ይዞ፣ «ያቺ የአባትህ ትልቋ ልጅ ወባ የያዛት ጊዜ ወደ ደጋ ዘመድ ቤት በጀርባዬ አዝዬ ያወጣኋት እኔ ነበርሁ፤ መንገዱን ሁሉ አንገቴን ይዛ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ደኅና ናት ወይ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ።

ወንድምሽ ሠረቀብርሃን በዛብህ

ዲላ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.