የየኔታ ልጅ ቤዝ ጊታር

ሰኞ

ቤዝ የለኝም። እስከ እሑድ ካላገኘሁ ባንዱም የለኝም። ሙሉቀን ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ። የባንዳችን አለቃም፣ ኪቦርድ ተጫዋችም እሱ ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። እስከ ዛሬ የምጫወትበት ቤዝ የውሰት ነበር፤ ባለቤቱ ወስዶታል። እሑድ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ሰርግ አለብን።

«ካጣህ ግድ የለም፣ ቤዙን በግራ እጄ እመታዋለሁ» አለ፣ ኪቦርዱን በጨርቅ እየጠረገ። ግራ እጁ አንዴ ከለመደ እኔን ለምን ይፈልገኛል? ደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ መኖሬ ነው።

በጎ ወሬም አለ። ዳባት የሚሸጥ ቤዝ አለ ተባለ። የመሪጌታ ውብነህ ልጅ የይርዳው ነው። ይርዳው ሐዋሳ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ሙዚቃውን ትቶ መጋዘን ይሠራል አሉ። እቤት የተወውን ቤዝ ሸጠው ገንዘቡን ለራሳቸው እንዲያደርጉት ለአባቱ በሰው መልእክት ልኮላቸዋል።

ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። መጫወት እንጂ መምረጥ አላውቅም።

ማክሰኞ

ጎንደር ያለው ጓደኛዬ ታደሰ ጊታር ተጫዋች ነው። ምን ማየት እንዳለብኝ በስልክ አስተማረኝ። እንዳልረሳው፦

ቀለሙን አትመን።

ገላውን ደረትህ ላይ አስደግፈህ አንገቱን በአንድ ዓይን ተመልከት። ሁለቱ ጠርዞች እኩል መሄድ አለባቸው። ከጎበጠ አትደንግጥ፤ ውስጡ የተቀበረ ብረት አለ፣ በቁልፍ ይቃናል። ከተጠማዘዘ ግን ተወው፤ ያንን ብረቱም አያድነውም።

ፍሬቶቹን፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ አንድ በአንድ እየተጫንህ ስማ። ጥዝዝ የሚል ካለ ጠርጥር።

በጠርዙ ላይ ጣትህን ሳብ አድርግ። የፍሬቱ ጫፍ እንደ እሾህ ከወጋህ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል።

አንገቱና ገላው የተጋጠሙበት ላይ ጥፍርህን አስኪድ። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጥፍር ያገኘዋል።

«ደግሞ አትፈር» አለኝ። «ይሉኝታ ይዞህ ነው የምትታለለው።» የቀረውን በስልክ ተማርሁ፤ ይሄኛውን ማን ያስተምረኛል?

ረቡዕ

ዳባት ዋልሁ። የኔታ ውብነህ ቤታቸው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው። ቤዙን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው አወጡልኝ። ቀለሙ ያበራል። አትመን የተባልሁትን ወዲያው አመንሁት።

እሳቸው ግን በቅሎ እንደሚሸጥ ሰው ነውሩን አስቀድመው ነገሩኝ። «እዚህ የነበረች የድምፅ መዘውር ጠፍታለች። እዚህ ላይ ተጭሯል፤ ፍየል ናት የጣለችው። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። አንተ አዋቂ ነህ፣ ያየኸውን ንገረኝ። አይቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ገዥ አልወድም፤ ዝምታው የሻጩን ስም ይበላል።»

አንገቱን በአንድ ዓይን ስመለከት «ምነው፣ ልትተኩስ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። በወፍራሙ ክር በኩል ያለው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በቀጭኑ በኩል ያለው ከመሃል ጀምሮ ይዘቀዝቃል። ተጠማዝዟል። ጣቴን ስስብ ፍሬቶቹ ወጉኝ። ከአምስተኛው ፍሬት ወዲያ የተጫንሁት ሁሉ ጥዝዝ ይላል። መጋጠሚያው ላይ ጥፍሬን ያዝ አደረገው፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

«የት ነበር የሚቀመጠው፣ የኔታ?»

ፊታቸው በራ። «በየቅዳሜው ፀሐይ አሞቀዋለሁ። ከበሮ እንኳ ፀሐይ ካላገኘ ድምፁ ይሞታል። ክረምት ሲሆን ከምድጃው አጠገብ አቆመዋለሁ።» ከዚያ ልጃቸው የሄደው ተጣልተው እንደሆነ ነገሩኝ። እሳቸው ዜማ እንዲማር ፈለጉ፣ እሱ ዘፈን መረጠ። «ድምፁን አልሰማለትም አልሁት። ዕቃውን ግን አልበደልሁም።»

ምን ይባላል? የከበሮ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ይወጠራል። የቤዝ አንገት ግን ይደርቃል፣ ይጣመማል። ያን ሁሉ ዓመት በፍቅር ገደሉት። «ላስብበትና ልመለስ» ብዬ ወጣሁ። አይቶ ዝም ብሎ የሚሄደው ገዥ እኔው ሆንሁ።

ሐሙስ

ታደሰ እንደሚለው አንገቱ በብሎን ስለተያዘ ሌላ ሊገጠምለት ይችላል። «የት ይገኛል?» ስለው ሳቀ። ጎንደርም የለም። ቢገኝም ስንጥቁ አለ።

ልምምድ ላይ ሙሉቀን ቤዙን በግራ እጁ መታው። ጥሩ ነበር። የሚያናድደው ጥሩ መሆኑ ነው።

ያሉኝን መንገዶች ሳሰላስል ዋልሁ። ገዝቼ ዝም ልበል? እሑድ ሙሽሮቹ ሲገቡ ጥዝዝ ይልብኛል፤ በዚያው ቀን እባረራለሁ። እውነቱን ልናገር? «የኔታ፣ ፀሐዩ ነው ያበላሸው» የሚለውን ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ ተለማመድሁት። አንድ ደንበኛ «ምን አልኸኝ?» አለኝ።

የይርዳውን ስልክ ከሙሉቀን ተቀበልሁ። ነገ እደውልለታለሁ። ዕቃው የእሱ ነው፣ አባቱም የእሱ ናቸው።

ዓርብ

ደወልሁ። ይርዳው መጀመሪያ አላመነኝም። አንገቱ እንደ ብረት ቀጥ ያለ ነበር እኮ አለ። ፀሐዩንና ምድጃውን ነገርሁት።

«በየቅዳሜው ነው ያልኸኝ?»

«በየቅዳሜው።»

«እንዳበላሸው ያውቃል?»

«አያውቁም።»

«እንዳትነግረው። በእናትህ እንዳትነግረው።» ትንሽ አሰበ። «ይርዳው ሐሳቡን ቀይሯል፣ ዕቃውን ራሱ ይፈልገዋል በለው።»

አንተ ለምን አትነግራቸውም አልሁት። ከተጣላን ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም አለ።

መልካም ውሸት ሆኖ ታየኝ። የኔታ አያዝኑም፣ ስማቸውም አይጎድፍም። የምጎዳው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቤዝ የለም፣ ባንድ የለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተስማማሁ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ቅዳሜ

ምን አደረግሁ?

ግቢያቸው ስገባ ቤዙ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። እንዳላየ አልፌ የተላክሁትን ተናገርሁ። ይርዳው ሐሳቡን ቀይሯል፣ አይሸጥብኝ፣ እኔው እፈልገዋለሁ ብሏል።

«እፈልገዋለሁ አለ? በአፉ?»

«በስልክ ነገረኝ፣ የኔታ።»

ምርኩዛቸውን ሳይዙ ተነሡ። «እንግዲያው ሊመጣ ነው። ባይመጣ ዕቃው ምን ያደርግለታል?»

እመጣለሁ አላለኝም አልሁ። አልሰሙኝም። ወይም ሰምተው ተዉት። ጎረቤታቸውን ጠርተው ልጄ ሊመጣ ነው፣ የጓዳውን ክፍል ጥረጊልኝ አሏት። ክፍሉ ገብስ ተከምሮበታል። ጆንያውን ማን ያውጣው? እኔ አወጣሁት። ስወጣ ስገባ «የምሥራች ሳትል ምሥራች ይዘህ መጣህ፣ ምስር ብላ» እያሉ መረቁኝ። በእያንዳንዱ ምርቃት ጆንያው ይከብደኝ ነበር።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እንከኑን ረቡዕ ብነግራቸው ስለ አንድ ዕቃ አዝነው ይወጣላቸው ነበር።

መኪና ስጠብቅ ለይርዳው ደወልሁ። አባትህ ክፍል እያስጠረጉልህ ነው አልሁት።

«የቱን ክፍል?»

«የጓዳውን።»

«የእኔ ነበር» አለ።

እንደምትመጣ ወይም እንደማትመጣ ራስህ ንገራቸው፣ እኔ ሁለተኛ ዳባት አልገባም አልሁት። ጮኼበታለሁ መሰለኝ፤ መኪና የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩኝ። ከበስተኋላው ዕቃ ሲጫን ይሰማል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላውቅም።

እሑድ

ባንዱ ጠዋት ወጣ። ሙሉቀን በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ፤ ያንኑ ግራ እጁን። ተከትያቸው ልሄድ አስቤ ነበር፤ ባዶ እጄን ሄጄ ምን ላደርግ?

ለይርዳው ሦስቴ ደወልሁ። ስልኩ ዝግ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ስልክም ይዘጋል፣ ባትሪ ያልቅበታል እላለሁ። ያልተሳፈረ ሰው ስልክም ይዘጋል።

እኩለ ቀን ላይ የኔታ ደወሉ። ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ዳባት መናኸሪያ ሄደው ተቀምጠዋል። ከጎንደር የመጣውን መኪና ሁሉ እያዩ ነው። የሐዋሳው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠየቁኝ። ዛሬ ቢነሣ እንኳ ዛሬ አይደርስም፣ ይግቡ የኔታ፣ ንፋሱ ይጎዳዎታል አልኋቸው።

«ከተነሣ ግድ የለም» አሉ። «መጠበቁን ለምጄዋለሁ።»

ጃኬቴን ለበስሁ። አልገባም ያልሁት ዳባት ልሄድ ነው፤ ብቻቸውን አይቀመጡም። አጠገባቸው ስቀመጥ እውነቱን እንደምነግራቸው ወይም አብሬያቸው መኪናውን እንደምቆጥር ገና አላወቅሁም።