ግቢው ተዘግቶ ሳለ ስለተፈጸመው ከባድ ቅጣት

ለአረንጓዴ ጋራ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማሪዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ
ሚዛን ተፈሪ
መስከረም 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የኮሚቴው ሰብሳቢና አባላት፤

የዘንድሮ ዝናብ የሚዛንን ጣሪያ ሁሉ ሲፈትን ስለከረመ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም በደኅና መክረማችሁን፣ የቢሮአችሁም ወረቀት አለመራሱን እመኛለሁ። እኔ ከግቢያችሁ በር ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጸሐፊያችሁ ባህሪያ ደብዳቤዎቻችሁን ይዛ ወደ ጄኔሬተሬ ስለምትሮጥ፣ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር በመልክ ባንተዋወቅ እንኳ በማኅተም እንተዋወቃለን። በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «ደርሶናል» ከሚል ፊርማ በቀር መልስ ስላላገኙ፣ ይኸኛውን ሳላሽግ አቅርቤዋለሁ። ስለ ፊርማው አመሰግናለሁ፤ በጣም ያምራል።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ አጭር ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከቤተ መጻሕፍት የምትመለስን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከላቦራቶሪው ጀርባ ይዞ፣ አፏን አፍኖ፣ ልብሷን ቀደደ። የጥበቃ ሠራተኛዋ ካሰች ድምፅ ሰምታ በዱላዋ ባታስለቅቃት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። ተማሪው በፊታችሁ ቀርቦ፣ ተጠይቆ፣ ያደረገውን አምኖ ፈርሟል። ስለዚህ ሰው ሳይሰማ ይቀጣ የሚል አቤቱታ የለኝም። የልጅቱን ስም አልጽፍም፤ የእሱንም አልጽፍም፤ ለእሱ ያሳያችሁት ጨዋነት ለእሷም ይድረሳት ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤም እሷ አንብባ፣ ሁለት ቦታ አርማ ፈቅዳልኛለች። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ/ ስለ ቅጣቱ ክብደት። ተማሪው ከሐምሌ 1 ቀን 2005 እስከ መስከረም 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከማንኛውም ትምህርት እንዲታገድ፣ ወደ ግቢውም እንዳይገባ መወሰናችሁን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳነብ፣ ከአጠገቤ የቆሙት ተማሪዎች «አቤት!» ብለው ነበር። ግቢው ሰኔ 28 ቀን ለክረምቱ እንደሚዘጋ ያስታወሰን ከዚያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ሌላኛው ማስታወቂያችሁ ነው። በእነዚያ ወራት ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ ነበር፤ ምግብ ቤቱም እሳት አላየም። ግቢውን ሲያዘወትሩ የከረሙት ከጫካው የሚወርዱት ጦጣዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አልታገዱም። ቅጣተኛው እንደማንኛውም ተማሪ ቴፒ አባቱ ቤት ሄዶ የቡና ማሳ ሲመነጥር ከርሟል። ጳጉሜንን እንኳ ሳትምሩት መቅጣታችሁን ግን ታሪክ አይረሳውም።

2ኛ/ ስለ ልጅቱ ደኅንነት። ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው «ለራሷ ደኅንነት ሲባል» ከዶርም እንድትወጣ አዛችሁ፣ ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። እሱ እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ በአልጋው ላይ ተኝቷል። እባብ የገባበት ቤት እባቡን ትቶ ባለቤቱን ሲያስወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ያን ሁሉ ፈተና በፎቶ ኮፒው ጩኸት መሀል አጥንታ አልፋዋለች፤ ይህንንም የኮሚቴው የሥራ ፍሬ ብላችሁ በሪፖርታችሁ እንዳታስገቡብኝ እለምናለሁ።

3ኛ/ ስለ ግልባጩ። በውሳኔው ላይ እሱ «የመታወቂያ ቁጥሩ በ41 የሚያልቅ ተማሪ» ተብሏል። እሷ ግን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከነትምህርት ክፍሏ ተጽፋለች። ይህ አልበቃ ብሎ ቅጹ «ግልባጭ፦ ለተማሪዋ የትውልድ ቀበሌ» ስለሚል ብቻ፣ ደብዳቤው ተራራውን ወጥቶ ጌጫ ድረስ ተልኳል። የደረሰውም በገበያ ቀን ነው። የዲሲፕሊን ደብዳቤ የሚላከው ባጠፋ ሰው ላይ እንደሆነ ሕዝቡ ስለሚያውቅ፣ እስከ ማታ ድረስ ጥፋተኛዋ ማን እንደሆነች ያልሰማ አልነበረም። አባቷ በስልክ ያሏት ይህችን ብቻ ነው፦ «ወይ ፈርመሽ ጨርሺው፣ ወይ ጓዝሽን ይዘሽ ነይ።»

4ኛ/ ፈርሚ የተባለችው ምን እንደሆነ ልናገር። መጀመሪያ ነገሩ በእርቅ ይጨረስ ብላችሁ ሽማግሌዎች ጠራችሁ፤ ይህ መልካም ነበር። ትልቁ ሽማግሌ አባፎጊ ገና ከመቀመጣቸው፣ በአገራችን ወግ እርቅ የሚጀምረው ከበዳይ ስለሆነ፣ «የበደለው ልጅ የታለ?» ብለው ጠየቁ። እናንተም ልጁ ከግቢ ስለታገደ መግባት እንደማይችል በትሕትና አስረዳችኋቸው። እሳቸውም «ታዲያ እኛን የጠራችሁን ማንን ከማን ልናስታርቅ ነው? ከወንበሩ ጋር?» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሽማግሌ እንቢ ሲላችሁ ቅጽ አዘጋጃችሁ። «ይቅር ባይ»፣ «ይቅርታ ጠያቂ»፣ «ምስክር» የሚሉ ሦስት መስመሮች ያሉት ነው። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለበት፤ ቅጹን የተየብሁት እኔ ነኝ። የዶርም ጠብ ማብረጃ መስሎኝ፣ ባህሪያ እንዳዘዘችኝ ሠላሳ ቅጂ አባዝቼ ሰጠሁ። የመጀመሪያው ቅጂ ከሱቄ ጀርባ ለምትኖረው ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ማታ ይዛው ስትገባ ነው። የቀሩት ሃያ ዘጠኙ ለማን ለማን እንደታሰቡ ግን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም።

5ኛ/ ስለ ክሊራንሱ። ምዝገባ የፊታችን ሰኞ መስከረም 20 ቀን ነው፤ ይህ ከዕዳ ነጻ መሆኛ ወረቀት በሁሉም ክፍል ካልተፈረመ ማንም አይመዘገብም። የልጅቱ ወረቀት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሟል፣ ምግብ ቤቱ ፈርሟል፣ ኳስ ነክታ የማታውቅ ቢሆንም ስፖርት ክፍሉ ሳይቀር ፈርሟል። የእናንተ መስመር ብቻ ባዶ ነው፤ ይቅርታውን ካልፈረመች አትፈርሙም። የእሱ ወረቀት ቅጣቱን ስለጨረሰ ያለ ምንም ችግር ተፈርሞ ተሰጥቶታል። በመሆኑም ሰኞ በሬጅስትራሩ መስኮት በኩል ያጠቃው ሰው ይመዘገባል፤ የተጠቃችው ደግሞ ወደ ጌጫ የሚሄድ መኪና ትጠይቃለች።

አትጠይቅም። ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ምስጋና መጻፌን ይቅር በሉኝ። ልጅቱ አትፈርምም፤ ወደ ቤትም አትመለስም። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ወረቀት ይዛ መስኮቱ ፊት ትቆማለች። ካሰች ተረኛ ስላልሆነች ከኋላዋ ትሰለፋለች፤ አባፎጊ በበኩላቸው ከዛፉ ሥር ዱላቸውን ይዘው እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። እኔም ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ፤ ስለዚህ በዚያ ቀን መብራት ከጠፋ ደብዳቤ የሚጻፍላችሁ የለም። ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ፤ ወረፋ መያዝ ነው። የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ፊርማዋን፣ አልጋዋን፣ ለጌጫም ጥፋቱ የማን እንደነበር የሚገልጽ ሁለተኛ ደብዳቤ። ለልጁም ቅጣት ካሰባችሁ፣ ትምህርት ባለበት ወር ይሁንለት።

ግቢው ክፍት ሆኖ ሳለም መቅጣት ለሚችል ኮሚቴ የሚገባውን ጥልቅ አክብሮት፣ እንዲህ ያለው ኮሚቴ እስኪመጣ ድረስ በአደራ ይዤ የምቆይ፣

ጎረቤታችሁ ጸሐፊዋ
የሺሃረግ ወልደሰንበት

ማስታወሻ፦ የይቅርታውን ቅጽ ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። «ይቅር ባይ» የሚለውን መስመር ልጅቱ ክፍት ትታዋለች፤ አስባበት ትሞላዋለች። «ይቅርታ ጠያቂ» በሚለው ላይ ግን የኮሚቴውን ሙሉ ስም በሚያምር እጅ ጽፋለች። የጎደለው የእናንተ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። ስትፈርሙ ቢበላሽባችሁ አትጨነቁ፤ ሃያ ዘጠኝ ንጹሕ ቅጂ አላችሁ።