የአባትህ ጠመንጃ

ለልጄ ለኢኖኬንቲ፣ አንኮሬጅ ከተማ ሞቆህ ለምትኖረው፤

እንደምን አለህ? እኔ እስካሁን አልሞትኩም። ፊደሌ ቢገዝፍብህ በስተርጅና የተማርኩት ስለሆነ ነው።

ለድብ መከላከያ ብለህ የላክኸው ሽጉጥ ደረሰኝ። ጎረቤቴ ማትሮና አይታ፣ «በዚህ ድቡን ልታስቂው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለድብ የሚሆነው የአባትህ ረጅም ጠመንጃ ነው። እሱን መረጥኩ። መሸከሙን ትቼ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አፉን ወደ ዓሣ ማድረቂያው ጎጆ አዙሬ አጋድሜዋለሁ። ትናንት እዚያ ጥቁር ነገር ሲወዛወዝ አየሁና ተኮስኩ። ማትሮና ያሰጣችው ካፖርት ነበር። «እሰይ፣ ካፖርቴን ገደልሽልኝ!» ብላ ተቀየመችኝ። ትቀየም።

አንተም አትምጣ፤ ሥራህ ይበልጥብሃል። ከመጣህ ግን ከወንዙ ማዶ ጀምረህ ስምህን እየጮህክ ና።

እግዜር ይጠብቅህ።

ከማንም ምንም የማትፈልገው እናትህ አጋፊያ