መግደፊያ ያልኸው ሲጃራ

አስናቀው፣

ቁልፉን ከደጁ ድንጋይ ስር አድርጌዋለሁ። ውሃ ስለመጣች በርሜሉን ሞልቼዋለሁ፤ ክዳኑን መልስበት።

ትክል ድንጋይ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ምነው አትበለኝ። ሁዳዴን ሙሉ ሲጃራ ሳልነካ ከርሜ፣ የፋሲካ ለት ለኩሰህ «እንካ መግደፊያህን!» ያልኸኝ አንተ ነህ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ ተቀበልሁህ። ይኸው እስከ ትናንት አጨስሁ።

አሁን ሲጃራ ለመተው ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምሬያለሁ። መጀመሪያውን ሳምንት ከጭስህ ልራቅ ብዬ ነው።

ነርሷ ሸጋ ልጅ ናት። «ሲጨንቅህ የሚያበረታህ፣ የቅርብ ሰው ማን አለህ?» አለችኝ። ብዙ አሰብሁ።

ያንተን ስልክ ሰጠኋት።

ሰኞ ትደውልልሃለች፤ አንሳላት። እንዳትስቅ ብቻ።

ክንዱ