ጀልባው የማይቆምበት ደጃችን

ለውድ ወንድሜ ለኤርሜስ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ ኖሪን እንዴት ናት? የወገቧ ሕመም ተሻላት ወይ? ቶቢያና ክሊዮ ምን ያህል አደጉ? እናንተ ዘንድ በሜልበርን አሁን በጋው እየገባ ነውና፣ ጤናችሁንም እንደ አየሩ ብሩህ ያድርገው። ስለ እኛ ከጠየቅኸኝ እንደ ደንቡ «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጃለሁ ኤርሜስ። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፄ ከፍ ሲል «መስመሩ ተበላሸ» ትልና ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቢመርህም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የተጀመረው የደጃችን የጀልባ መቆሚያ ሲነሳ ነው። በእኛ በጋ የጀልባው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው «ለጥገና ነው፣ ለጥቂት ሳምንት» አሉና ተንሳፋፊውን መድረክ ጎትተው ወሰዱት። ይኸው ኖቬምበር ሊያልቅ ነው፤ የቀረን ውሃው ውስጥ የተተከሉት ግንዶች ብቻ ናቸው፣ የባሕር ወፍ ይቀመጥባቸዋል። አሁን ጀልባ ለመያዝ ሁለት ድልድይ ወጥቶ መውረድ ግድ ሆኗል። እኔስ እችለዋለሁ፤ የእማዬ ጉልበት ግን ደረጃ ባየ ቁጥር ይከዳታል። ያን ሁሉ ወጥታ ወርዳ ስትደርስ ደግሞ ጀልባው በጎብኚና በሻንጣ ጢም ብሎ ይመጣል።

ያኔ አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ ዞር ሲል ፊቷን ሊላት ለጥቂት ሳታት። የጀልባው ገመድ ጣይ ዱሊዮ፣ ያ የዓሣ ሻጩ ልጅ፣ «ኧረ ሰውዬ! ቤትህን ተሸክመህ ነው እንዴ የምትዞረው? ቀንድ አውጣ ነህ? አውርደው!» ብሎ ጮኸበት። ጎረምሳው ፈገግ ብሎ ፎቶ አነሳው። ዱሊዮ ለእማዬ «እማማ ኤልዳ፣ ውስጥ ቦታ ላስለቅቅልዎት፣ ይቀመጡ» ቢላት፣ «መቀመጥ ለእንግዳ ነው፣ እኔ የአገሩ ሰው ነኝ» ብላው ብረቱን ጨብጣ ውጭ ቆመች። ታውቃታለህ መቼም።

ይህን ባጫወትኩህ ጊዜ አንተ መላ አመጣህልን። ቤቱ ይሸጥ፣ እማዬ የብስ ላይ ሜስትሬ ከአጎታችን ልጅ ከጋስቶኔ ዘንድ ትኑር፣ እዚያ አውቶቡሱ ደጅ ድረስ ይመጣል አልክ። «ለሙከራ አንድ ሳምንት ብቻ» እያልክ ስትነዘንዘኝ ጊዜ ወሰድኳት።

ሳምንቱ ሳይሞላ ጋስቶኔ ከገበያ ይዟት ሲመለስ አውቶቡሱ ቆመ፣ እማዬም ወረደች። ዕድሜዋን ሙሉ መኪና በማያልፍበት በቬኒስ ከጀልባ ወርዳ ቀጥ ብላ የሄደች ሴት ግራና ቀኝ ማየትን ማን አስተማራት? እኛን ስናድግ «ወደ ውሃው አትጠጉ» አሉን እንጂ «መኪና ይመጣል» ያለን ሰው የለም። በአውቶቡሱ ፊት ዞረችና አስፋልቱ መሃል ገባች። የመጣው መኪና ፍሬን ቢይዝም ገፍቶ ጣላት፤ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሹፌሩ ወርዶ «እማማ፣ አበዱ እንዴ? መንገድ አያዩም?» ቢላት፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ «ያበድከውስ አንተ! ሰው በሚሄድበት እንዲህ ይበረራል?» አለችው። ጋስቶኔ ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

አንተ ግን ያን ዕለት ምን አልከኝ? «አየሽ፣ ብቻዋን መኖር አትችልም» አልከኝ። አንጀቴ ነው ያረረው። እዚህ በነበረችበት ጊዜ አንድም ቀን ብቻዋን አልነበረችም። እኔ ምን ሆኜ ነው? ቆጥረኸኝ አታውቅም ማለት ነው?

ወደ ቤቷ መልሻታለሁ። የሰፈሩ ሰዎች በወንበር ተሸክመው ነው ድልድዮቹን ያሻገሯት፤ እሷም ላያቸው ላይ ሆና «ቀስ በሉ፣ ድንች መሰልኳችሁ?» እያለች ስታዝዛቸው ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት እኛ ሴቶቹ መድረኩ ከነበረበት ዳር ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን፤ ጀልባ ባለፈ ቁጥር «መድረካችንን መልሱ!» እያልን እንጮሃለን። ዱሊዮ የጀልባውን ነጂ ወትውቶ ጡሩምባ ያስነፋልናል። እማዬ በጄሶ የታሰረ እጇን ከፍ አድርጋ ትራገማለች፤ ከሁላችንም ድምፅ የሷ ይሰማል። ትናንት ከጀልባው መሥሪያ ቤት ክራቫት ያሰረ ሰው መጥቶ «እናቶች፣ እባካችሁ ትዕግሥት ይኑራችሁ» ሲለን፣ «ትዕግሥቱስ አለኝ ልጄ፣ ጉልበቱ ነው የጠፋው» አለችው።

የላክኸውን የሽያጭ ወረቀት አልፈረምኩም፤ ወደፊትም አልፈርምም። ገዢው ቤቱን ለጎብኚ ሊያከራየው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያኔ መድረኩ በማግሥቱ ተጎትቶ ይመጣል። ለሻንጣ የሚመለስ መድረክ ለእናቴ ጉልበት ለምን አይመለስም? አንተም እንደ እነሱ ሆነህ ነው የታየኸኝ፤ ይህን ስጽፍ እያመመኝ ነው።

ለኖሪን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ። ቶቢያን ግንባሩን ሳምልኝ። ክሊዮ የሳለችልን ሥዕል ግድግዳው ላይ ነው በላት። ጋስቶኔም ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም።

እማዬ አጠገቤ ሆና የጻፍኩትን ሳነብ እየሰማችኝ ነው። እሷ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦ «አባትህን ከዚህ ደጅ ወደ ሳን ሚኬሌ መቃብር በጀልባ ነው የሸኘነው፤ ሣጥኑን ካወረዱት አንዱ አንተ ነበርክ። እኔም ከዚህ ቤት የምወጣው በዚያው ጀልባ ነው። ቤቱን የፈለገ እሱን ይጠብቅ።»

እህትህ ኒቬስ

ጁዴካ፣ ቬኒስ
ኖቬምበር 21 ቀን 2017